የድንኮቹ ሕግ ተለወጠ

ቢቸና፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ሞጣ ሄዶ ለቀረው ወዳጄ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ የሞጣ ብርድ ባሰበት? ከክሊኒኩ የሰጠሁህን ሽሮፕ ሳትጨርስ እንደጣልከው አውቃለሁ፤ መድኃኒት ላይ ሰነፍ ነህ። እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም። እሱ ብቻውን ግን ይበቃኛል። እናትህ እማማ ጥሩአየሁም ደህና ናቸው። ሰሞኑን ክሊኒክ መጥተው ለወገባቸው መርፌ ወጋኋቸው፤ እንዳንተ አይጮሁም።

ካኮረፍክ ሁለተኛ ዓመትህን ያዝክ። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክልኝም። ጓደኛችን ይግዛው ሞጣ ሄዶ ሲያገኝህ ሳቅህ ቀንሶ አየሁት አለኝ። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እየሳቅህ ብትሰነብት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር።

አሁን ምን ተገኘ ብላ ጻፈች ትል ይሆናል። ስማኝማ። የሒሳብ አስተማሪው የሚስተር ቶማስ ወንድም ከለንደን አዲስ መጽሐፍ ላከላቸው። የዚያን የኛን ጨዋታ መጽሐፍ። የድንኮቹ ሕግ ተለውጧል!

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚስተር ቶማስ ቤት ተሰብስበን፣ ያቺን ሃያ ፊት ያላት ጠጠር እያንከባለልን፣ በሌለ አገር ዋሻ ለዋሻ ስንዞር የዋልነውን መቼም አልረሳኸውም። የቀበሌ ሰዎች ቁማር ነው ብለው ሊይዙን መጥተው፣ ኧረ ገንዘብ የለበትም፣ በሐሳብ ዘንዶ እየገደልን ነው ብንላቸው፣ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያብዳል ወይ ብለው አዝነው ሄዱ። እንዴት ነበር የሳቅነው!

የመጀመሪያው ቀን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሚስተር ቶማስ ለእያንዳንዳችን ወገን ሲያድሉን፣ ለይግዛው ሰውን፣ ለኔ ያቺን ብዙ መቶ ዓመት የምትኖር ጆሮ ሹል የጫካ ሴት ሰጡን። አንተን አየት አደረጉና፣ እጅህ ከብረት ጋር ይስማማል፣ የማስተምርበትን ክፍል በር ማጠፊያ ያበጀኸው አንተ አይደለህም ወይ አሉና ድንክ አደረጉህ። ከዚያ ከመጽሐፉ እያነበቡ ነገሩን። ድንክ ተራራ ሥር ተቀምጦ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሲዋጋ የሚያስፈራ፣ ግን በድል ብዛት ከደረጃ ደረጃ ሲያድግ ቆይቶ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ የሚቆም ነው፤ ካህን መሆንማ ጨርሶ አይፈቀድለትም አሉ። ሰው ለሆነ ወሰን የለውም፤ እንደ ልቡ ያድጋል። ሰውዬው ከሕንድ አገር መጥተው ማን የማን ልጅ እንደሆነ በምን ይወቁ? እኔና ይግዛው አንገታችንን ደፋን። አንተ ግን ሳቅህን ለቀቅኸው፤ ይሄ መጽሐፍ ባሕር ማዶ ሳይሆን እዚሁ ቢቸና የተጻፈ ነው አልክ። ያን ዕለት ነው የወደድኩህ። ነግሬህ አላውቅም፤ እንግዲህ እወቀው።

በዓመቱ ሽማግሌ ላክህ። ከሽማግሎችህ አያ ገላው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው እንዴት አምሮባቸው እንደነበር! አባባ በክብር አስቀምጠዋቸው፣ ልጁ የማን ልጅ ነው ብለው ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸው ጀመር። አያ ገላው አያትህ ጋ ሲደርሱ ተንተባተቡ። መዋሸት አያውቁበትም፤ ማረሻ ይሠሩ ነበር ብለው ቁጭ። እኔ ከጓዳ ሆኜ ነበር የምሰማው። አባባ ልጄ ገና ናት ብለው ተነሡ። ገና! ሃያ አምስት ዓመት የሞላኝ ሴትዮ!

በየስብሰባው ዕደ ጥበበኛው ክብሩ ተመለሰለት እየተባለ ስናጨበጭብ እንውላለን። ያ ሁሉ አጨብጫቢ እናትህ የሠሩትን ድስት ይገዛል እንጂ ለእናትህ ልጅ ልጁን አይድርም። አባባ ቢያንስ አላጨበጨቡም።

አንተም ኩራትህ አይጣል ነው። ወር እንኳ ሳይሞላ ዝውውር ጠይቀህ ደህና ሁኚ ሳትለኝ ወጣህ። በዚህኛው እስካሁን አልማርኩህም። መኪናው ሲነሣ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ዞር ብለህ ብታይ ታየኝ ነበር።

ጨዋታው አልቀረም። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ድንክህም ዘጠነኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ነው። ይግዛው እኔ ልጫወትለት ቢል በኩርኩም ልለው ምንም አልቀረኝ።

ታዲያ በጾሙ መካከል አዲሱ መጽሐፍ መጣ። ሚስተር ቶማስ ገልጠው ሲያነቡ፣ ድንክ ከእንግዲህ ከዘጠኝ አልፎ መሄድ ይችላል፣ ካህንም መሆን ይችላል ይላል። እኔ እንደ ሕፃን ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ሚስተር ቶማስ ግራ ገብቷቸው ተከተሉኝ፤ ሁሉን ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ በኛም አገር ይኸው ነው፣ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ የፈለግኸውን ሁን ብዬ ለሱ እተወው ነበር አሉኝ።

ቤት ስገባ አባባ ዓይኔን አይተው ምን ሆነሻል አሉኝ። መደበቅ ሰልችቶኝ ነበርና የጨዋታውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አወጋኋቸው። መቼም የቅኔ መምህር ናቸው፤ ነገር ካገኙ ሳይመረምሩ አይለቁም። ሕጉን ያወጣው ማን ነው አሉኝ። የጨዋታው ባለቤት ነው አልኳቸው። የለወጠውስ? እሱው ራሱ። ተሳስቼ ነበር ብሎ ጽፏል ወይ? የለም፣ ዝም ብሎ ነው የለወጠው አልኳቸው። ብልህ ሰው ነው አሉ። 

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የጉንደ ወይን ሰው ጠይቆኛል። እርሻ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሰባት ቤት ቢቆጠር እንከን የለውም፤ ክፉም አይደለም። ሲስቅ ግን ድምፅ የለውም። ሽማግሎቹ ግንቦት ሳይወጣ ቁርጡን ንገሩን ብለዋል። እሺ ካልኩ እሱን አግብቼ ዕድሜዬን ሙሉ አንተን ሳስብ ልኖር ነው። ፈራሁ። በፋሲካው ዕለት አባባ ፊት ቆሜ፣ ወይ እሱን ወይ ማንንም አልኳቸው። አንተን ማለቴ እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ስምህን ግን ሁለታችንም አላነሣንም።

አባባም፣ ሽማግሌ የሚልክ ወንዱ ነው፣ አንዴ የተመለሰ ሰው ደግሞ አይልክም አሉኝ። ታዲያ ሴቲቱ ትላካ አልኳቸው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም! ጣራው በላዬ የሚወርድ መስሎኝ ቆሜ ስጠብቅ፣ ማን ይሄድልሻል አሉኝ። አያ ገላውና ሚስተር ቶማስ አልኳቸው። ሁለት አይሆንም፤ ሽማግሌ ሦስት ነው አሉና ወጡ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ያቀበሉህን ሰዎች በር ላይ አታቁማቸው። አያ ገላው አምና ካቻምና ያንተ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁን የኔ ናቸው። ሚስተር ቶማስ አማርኛ ቢሳሳቱ አትሳቅባቸው፤ የሚናገሩትን እኔው ነኝ ያስጠናኋቸው። የሦስተኛውን ስም አልጽፍልህም። ጥምጥማቸውን ስታይ ትደነግጣለህ፤ አትደንግጥ። ጉልበታቸውን ስመህ አስገባቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በጭነት መኪና ይህን ሁሉ መንገድ ተንገላተው ነው የሚመጡት። ስላለፈው ነገር አታንሣባቸው፤ እሳቸውም አያነሡም።

ልብህ ሌላ ጋ ሄዶ ከሆነ አትዋሸኝ፤ ገና ነኝ ብለህ መልሳቸው። ይገባኛል። አላለቅስም አልልህም። ካልሆነ ግን ቤት ያፈራውን አቅርብላቸው፤ ባዶ ቤት ነው፣ ወንደላጤ ነኝ ብለህ እንዳታፍር። ራስህ የሠራኸውን ወጥ አቅርብ። ሦስተኛው መጀመሪያ ይቆርሳሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንዲህ ጻፊለት ያሉኝ።

እመብርሃን ካንተ አትለይ፤ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። ለደብዳቤው ሳይሆን ለሰዎቹ መልስ ስጣቸው።

ሽማግሌ የላከችብህ ወዳጅህ