የቢዠን ስኳር

ቴህራን፣ አባን 12 ቀን 1366 (በኢራን አቆጣጠር)

ለማይረባው፣ ግን በጣም ለምናፍቀው የእህቴ ልጅ ቢዠን፤

ክስ አለኝ። ኢስታንቡል ተቀምጠህ ጥርሴን አበላሸኸው፤ ጉንጬ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። እናትህ ሱዳቤ "እርጅና ነው" ትላለች። አትስማት፣ ስኳርህ ነው።

ወደ ጦር ግንባር ሊወስዱህ ሲሉ ድንበር ከተሻገርክ ወዲህ የራሽን ኩፖንህ በስምህ መምጣቱን አላቆመም። ብንመልሰው "ልጁ የት ሄደ?" ሊሉን ነው። ሳናወጣበት ብንቀርም ያው ነው። ስለዚህ በየወሩ ተሰልፌ ስኳርህን አወጣለሁ።

ከዚያስ? የሰፈሩ ኅብረት ሱቅ አሁን ኩፖን መለዋወጥ ፈቅዷል፤ ስኳር የተረፈው ሻይ ከተረፈው ጋር በሕግ ይቀያየራል። ግን ባለኩፖኑ ራሱ ቀርቦ ይፈርማል። አደባባዩ ላይ ያሉት ደላሎች ስም አይጠይቁም፤ ፖሊስ ከያዛቸው ግን የኩፖኑ ቁጥር እቤታችን ድረስ ያመጣዋል። ሕጋዊው ገበያ አንተን አምጣ ይለኛል፣ ሕገወጡ እኔንና እናትህን ያሳስራል። ለጎረቤት ብሰጥ "ከየት ተረፈላችሁ?" ነው። እኔም ሻይ በጠጣሁ ቁጥር እንደ ጠጠር የተቆረጠውን ስኳርህን በጥርሴ እነክሳለሁ። እናትህ አትነካውም፤ "የልጄ ነው" እያለች ሻይዋን መራራውን ትጠጣለች። አልጋህንም ዛሬ ድረስ ታነጥፋለች።

ባለፈው ሳምንት የሱቁ ኃላፊ ሐጂ ነስሩላህ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ "ፈሪዱን፣ አዲሱን ኩፖን ሁሉም ራሱ መጥቶ ይውሰድ ተብሏል። ቢዠን የታለ?" አለኝ።

"ጆሮ ደግፍ ይዞት ተኝቷል፣ ሐጂ። ፊቱ ሐብሐብ አክሏል።"

"በሃያ ዓመቱ?"

"ይሄ ልጅ መቼ ነገር በጊዜው ጀምሮ ያውቃል?"

ሰው ሳቀ። እናትህ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። "ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ሁለታችንንም ያስበላናል" አለችኝ።

ደብዳቤውን ወደ ኢስታንቡል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር በእጁ ይሰጥሃል። አደራ፣ መልስ በፖስታ እንዳትልክ። እናትህ ደግሞ ሹራብህን...

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ሐጂ ነስሩላህ ነው! በአንድ እጁ ብርቱካን፣ በሌላው ማኅተም ይዞ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው። "ሱዳቤ እህቴ፣ የታመመ ልጅ ሳልጠይቅ ቆየሁ፣ ይቅር በይኝ! ከአልጋው አይነሣ፣ አዲሱን ኩፖን እዚያው አትምለታለሁ!"

እናትህ አንዴ አልጋህን፣ አንዴ ጉንጬን አየች። መጋረጃውን ዘጋች። ብርድ ልብሱን ገልጣ "ግባ!" እያለችኝ ነው።

ጉንጩስ ይሁን፤ ይህን ሽበታም ጺም ምን ላድርገው? አምላክ አንተን እዚያ፣ እኛን እዚህ ይሸፍነን።

አጎትህ ፈሪዱን
(ለጊዜው ቢዠን)