በኅዳር ጽዮን የተለካው መሬት

ጥር 17 ቀን 1958፣ ፍኖተ ሰላም

ማክሰኞ። ከቡሬ የሚመጣው አውቶቡስ ዘገየ። እስከ ረፋድ ሥራ የለም። የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ቀየርኩ፤ እጄ ጠቆረ። ይርሳው አይቶ "ቀለም ይስማማሻል" አለ። ለዋና ጸሐፊነት ተፈትኜ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ። አጎቱ አቶ ክንፈሚካኤል የመሬት ቢሮው ሹም ናቸው። "ሴት ልጅ አግብታ ትሄዳለች" ተባለ። ይኸው አልሄድኩም።

ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ረቂቅ ሕግ መጣ። የመንግሥት ደንና የማዘጋጃ ቤት መሬት ስለ መለዋወጥ። ስድስት አንቀጽ ብቻ። ከከተማው በላይ ያለው ደን ለቤት መሥሪያ ለማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል። ማዘጋጃ ቤቱ በምትኩ ባለቤት የሌለው መሬት ለመንግሥት ይሰጣል፤ ዛፍ ይተከልበታል። አንቀጽ ሦስት፦ ልውውጡ በስፋት እኩል ይሁን። የሚሰጠውን መሬት ዝርዝር ሞልተን የምንመልሰው እኛ ነን። የምጽፈው እኔ።

ጥር 19

ተራ ቁጥር አራት፦ "ላይ ግራር፣ ሦስት ጋሻ፣ ባዶ መሬት።" እጄ ቆመ። ላይ ግራር እኮ የእናቴ ርስት ነው። የእናቴና የሃያ ሁለት ቤተሰብ። ባዶ?

የቀያሹን የእጅ ጽሑፍ አወጣሁ። አቶ እጅጉ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ተልኮ የመጣ። "ሣር የበቀለበት ሜዳ። በዕለቱ አንድም አራሽ አልተገኘም።" ቀኑን አየሁ... ኅዳር 21።

ኅዳር ጽዮን! ማን ሊያርስ? አገሩ በሙሉ ለንግሥ ደብር ነው የሚውለው። ሜዳውም ዓምና ታርሶ ዘንድሮ እንዲያርፍ የተተወ እዳሪ ነው። ሰውየው ገመዱን ዘርግቶ፣ ለክቶ፣ ማንም ሳያየው ሄደ።

ሳቅኩ። ኋላ ግን ሳቁ ጠፋ።

ጥር 20

ለአቶ ክንፈሚካኤል ነገርኳቸው።

"የመንግሥት ሥራ በዓል የለውም።"

"ገበሬው ግን አለው፣ ጌታዬ።"

"አንቺ ጻፊ ነው የተባልሽው።"

"አታንብቢ አልተባልኩም።"

የካቲት 6

እሑድ። በአውቶቡስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ ላይ ግራር ድረስ በእግር። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን አቆሙልኝ። የቀያሹን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። አንዱ ተነሳና፦ "እኛ ለጽዮን ስንሰግድ እሱ ገመድ ይጎትታል!" ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

"እንጀራሽ እኮ ከነሹሙ እጅ ነው፣ አስካል።"

አቤቱታውን ጽፌ ወደ አዲስ አበባ ላክኩት።

መጋቢት 14

መርማሪ ተልኮ ላይ ግራር ወረደ። እንደ አገሩ ደንብ ባለርስቱ ሁሉ እየተነሳ ዘሩን መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ቆጠረ። እናቴም ተነሳች። አምስት ትውልድ፣ ስድስት... መርማሪው ደከመው።

"በቃ፣ በቃ እሜቴ።"

"ገና አቅኚው ዘንድ አልደረስኩም። ቁጭ በል ልጄ።"

ቁጭ አለ።

ሚያዝያ 11

ላይ ግራር ከዝርዝሩ ወጣ። አሸነፍን! አዲሱን ዝርዝር ዛሬውኑ ጽፈሽ አድርሺ አሉኝ ሹሙ። በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። ተላከ።

ግንቦት 22

ይርሳው ወደ ዳንግላ ተዛወረ። ዋና ጸሐፊነቱ ለኔ። አቶ ክንፈሚካኤል ደብዳቤውን በእጃቸው ሰጡኝ። "ይገባሻል" አሉ። ደስ አለኝ። ለምን እደብቃለሁ?

ግንቦት 25

አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጡ። እሜቴ ንግሥቴ፣ ከታች ግራር፣ ከኛ ወንዝ ማዶ። ባላቸው ሞተዋል። ማሳቸው ላይ የመንግሥት ችካል ተተክሏል።

"መቼ ተለካ?" አልኳቸው።

"ማንም አልለካውም። ጧት ስንነሳ ችካሉን አየን።" ቀጠሉ፦ "የናንተስ አገር ታድሏል፤ ፊደል የቆጠረች ወልዷል። እኛ የወለድነው ገበሬ ነው።"

ሊወቅሱኝ አልነበረም። ይሄ ባሰብኝ።

ሲሄዱ የዝርዝሩን ቅጂ አወጣሁ። ተራ ቁጥር አራት፦ ታች ግራር፣ ሦስት ጋሻ። በስፋት እኩል ይሁን ይላል እኮ ሕጉ... የኛ ሲወጣ ጉድለቱን በነሱ ሞሉት። የጻፍኩት እኔ። ያኔ ስሙን አላየሁም? አይቻለሁ። አልጠየቅኩም።

ግንቦት 26

"ሦስት ጋሻ ከጎደለ ከደኑም ሦስት ጋሻ ይቀነስ" አልኳቸው ለሹሙ። "እኩል የሚሆነው በመጨመር ብቻ ነው?"

"ደኑ ላይ ቦታ የተመራ ሰው አለ።"

"እርስዎም ተመርተዋል?"

መነጽራቸውን ጠረጉ። "አስካለ ማርያም፣ ወንበሩ ገና አልሞቀም።"

"እንግዲያ ሳይሞቅ ይቅር።"

ሰኔ 5

የታች ግራርን አቤቱታ ጽፌ ልወስድ ስነሳ እናቴ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። ወንዙ ዳር ቆመች።

"የነሱ ሲወጣ መልሰው በኛ ቢሞሉትስ?"

"ደኑ ይቀነስ ብዬ ጽፌያለሁ። እምቢ ካሉ ግን... ሊሆን ይችላል።"

ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረች።

ታች ግራር፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ። አቤቱታውን አነበብኩ። ለጣት ማተሚያ የያዝኩትን የቀለም ሳጥን ከፈትኩ። ማንም መጀመሪያ መሆን አልፈለገም። አንዱ ሌላውን ያያል። እሜቴ ንግሥቴ እንኳ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

እናቴ ተነሳች። አውራ ጣቷን ነከረች።

"እምዬ፣ ይኸ የታች ግራር ነው" አልኳት።

"ማንበብ ባልችል የት እንደቆምኩ አላውቅም?"

አተመች። ከሷ ቀጥሎ እሜቴ ንግሥቴ። ከዚያ ተሰለፉ። ሠላሳ አራት ጣት ቆጠርኩ።

ነገ ራሴ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ፤ በቢሮው በኩል አይሄድም። ከጣቶቹ በታች ስሜን ሙሉውን ጻፍኩ፦ አስካለ ማርያም ገብረሰንበት። ከጎኑም፦ ታች ግራርን ሳልጠይቅ በዝርዝሩ ያስገባሁ።