ቺንጋዋ እኔ ጋ ናት

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልዋ አባት፣ ለጣሀ
ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ምን ደረሰባቸው ብለህ እንዳትደነግጥ፤ ሰልዋም እኔም ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ። በየጊዜው በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ማለትህ አይቀርም። በስልክ አንተ ቀድመህ ትስቃለህ። ከሳቅህ ቀጥሎ ስለ ኮምፕሬሰሩ ትጠይቀኛለህ፤ እኔም ስለሱ ስመልስ ስመልስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ወረቀት ላይ ግን መሀል ገብተህ የምትስቅበት ቦታ የለም። እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ይህን ስጽፍ እንኳ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። አሁን ተነስቼ ጓሮ ደርሼ መጣሁ፤ ነፋሱ የኮምፕሬሰሩን ሸራ ገልጦት፣ ዝናብ ገብቶበት ይሆን ብዬ ነው። አልገለጠውም። ሰሞኑን እንዲህ ሆኛለሁ፤ ልብስ ማጠብ ጀምሬ ትቼው በር እከፍታለሁ፣ በሩን ከፍቼ ምን ፈልጌ እንደሆነ ይጠፋኛል።

ከመነሻው ልንገርህ። በጥር ደውለህ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ያገለገለ ኮምፕሬሰር፣ ያውም ለጠላቂ የመተንፈሻ አየር የሚሞላ፣ ለሽያጭ እንደወጣ ሰማሁ፣ ሂጂና እዪልኝ ስትለኝ የቀለድክ መስሎኝ ነበር። ባሕር በሌለበት አገር የጠላቂ ማሽን! አንተ ግን የምርህን ነበር። ከእንግዲህ የሰው መርከብ ሆድ ስር ተንጠልጥዬ የተጣበቀበትን የባሕር ቅርፊት ስፍቅ አልኖርም፤ አገሬ ገብቼ ከደሴ ወዲያ ሐይቅ እየሄድኩ ለራሴ እጠልቃለሁ፣ ማንም ሳያዘኝ አልክ። "ለራሴ" ያልካት ቃል ሆዴ ገባች። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ለራሴ እፈልጋለሁ ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ስለዚህ ሄድኩ።

ባለቤቱ ይስማው ይባላል። ሐይቅ ዳር ቱሪስት አጠልቃለሁ ብሎ አስመጥቶት፣ ጦርነቱ ሲመጣ እቅዱ ፈርሶበት፣ ማሽኑን መጋዘኑ ውስጥ በጆንያ ሸፍኖ ያስቀመጠ ጨዋ ሰው ነው። ወንድሜን አብዱልባሲጥን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ጎሚስታ ስለሆነ፣ ጎማ ሲነፋ ስለሚውል፣ አየር የሱ ሙያ መስሎኛል። ሞተሩ ሲነሳ እንዳዘዝከኝ ስልኩን ከብረቱ አጠገብ አስጠግቼ ያዝኩልህ። ጅቡቲ ሆነህ ሰማኸው። የመጨረሻው ራስ ላይ ያለው ቫልቭ ይንኳኳል አልክ፤ ይስማውም አልካደም። ቀጥለህ የሚወጣውን አየር ነጭ ጨርቅ ላይ እንዳስነፋ ነገርከኝ። ጨርቅ ስላልያዝኩ የሻሼን ጫፍ ደቀንኩለት። ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ፣ የቆየ ዘይትም ሸተተ። እንተወው አልኩህ። አንተ ግን ማጣሪያው ስላረጀ ነው፣ ማጣሪያ ከዚህ እልካለሁ፣ ግዢው፣ ዛሬውኑ ግዢው አልክ። ድምፅህ ውስጥ ጥድፊያ ነበር። ያን ጊዜ የደስታ ጥድፊያ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ማሽኑ ጓሯችን ገባ። አብዱልባሲጥ አየር ያው አየር ነው፣ የኔን የጎማ መንፊያ ዘይት እጨምርለታለሁ ሲል፣ ጎማ ሳንባ የለውም በይልኝ ብለህ አስቆምከው። የማሽኑን የራሱን ዘይት ከአዲስ አበባ አስመጣን። የሚንኳኳውንም ቫልቭ፣ ያንተ እስኪደርስ የሚሆን ማጣሪያም አብዱልባሲጥ ከዚያው አስመጥቶ ቀየረ። በየሳምንቱ ማስነሳቱን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ሲጨመቅ ከአየር ውስጥ ውሃ ይወጣል ስትለኝ አላመንኩህም ነበር፤ ይኸው ክረምቱ ከገባ ወዲህማ የታችኛውን መክፈቻ ሳዞረው ወተት የመሰለ ውሃ ይንፎለፎላል። ጎረቤቶቼ "ሸሪፋ ላሟን ልታልብ ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንተን ወደ ቤት የሚያመጣልኝ እሱ መስሎኝ፣ ከልጅ እኩል ነው የያዝኩት።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። በሚያዝያ ከማሽኑ ጋር የገዛነውን የአየር ሲሊንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞላ፣ አየር የሚስብበትን ቱቦ ከሞተሩ ጭስ አርቁት፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አድርጉት ብለህ ነበር። አደረግነው። ነፋሱ መሀል ላይ ዞሮ ጭሱን ወደ ቱቦው ሲመልሰው ግን አላስተዋልንም። ሲሊንደሩ ሲሞላ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የምትተነፍሰው ምን እንደሆነ ማወቅ አማረኝ። ሰልዋ ትምህርት ቤት ነበረች። በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በአፍ የሚነከሰውን ጎማ ነክሼ፣ አፍንጫዬን ይዤ ተነፈስኩ። ምንም ሽታ የለውም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣሀ ከመርከቡ ስር ሆኖ የሚሰማው ይህንኑ ነው እያልኩ ቆየሁ፤ ወላሂ አጠገብህ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ጭንቅላቴን ወጥሮ ያዘኝ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤ አብዱልባሲጥ ደግፎ ነፋስ ላይ ሲያወጣኝ አስመለሰኝ። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። ልብህ እንዳይሰበር፣ ማሽኑንም እንዳትጠላው ብዬ ነው። ሰው የሚወደውን ሰው ለምን እንደሚዋሽ ያን ቀን ገባኝ፤ ስለዚህ በማንም አልፈርድም።

ቱቦውን በብረት ቧንቧ ከጣሪያ በላይ አስወጣነው። ሲሊንደሩን አራግፈን እንደገና ሞላን። ስፈራ ስቸር ሞከርኩት፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ምላስን ያደርቃል። አንተ ከጅቡቲ በመጣህ ቁጥር ከሰላምታ በፊት ውሃ የምትጠይቀው የመንገዱ ሙቀት ይመስለኝ ነበር።

ለዓረፋ እመጣለሁ ብለህ ቀረህ። ሥራ በዝቶ ነው አልክ። እኔም አመንኩ። ከበዓሉ በኋላ ውዱ፣ ያ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር፣ የላክኸውን ማጣሪያ ይዞ መጣ። አስገብቼ ምግብ አቀረብኩለት። ሁሉ ነገርህ ደህና እንደሆነ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ግን የሚያየው ሳህኑን ነበር።

"ዕቃውን ሲሰጥህ ቆሞ ነበር ተቀምጦ?" አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩ እኔም አላውቅም።

"ተቀምጦ" አለ።

"ጣሀ እንግዳ ተቀምጦ አይሸኝም። ሕፃን ልጅ እንኳ በር ድረስ ነው የሚሸኘው" አልኩት።

ውዱ እጁን ታጠበ። ሳይበላ ነው የታጠበው። "እህቴ፣ አማና አስይዞኛል፤ እሱ ራሱ ይንገርሽ" አለኝ። እንዳትቆጣው፤ አደራህን አልበላም።

በማግስቱ ደሴ ወጣሁ። ሚኒባሱ የሐረጎ ዳገትን ሲወጣ ጆሮዬ ድፍን ብሎ ሲከፈት፣ ስጠልቅ ጆሮዬ ይደፈናል የምትለኝ ትዝ አለኝ። ሐኪም ቤት ገብቼ አንድ ሐኪም አነጋገርኩ። ለአንድ ዘመዴ ነው አልኩት። መርከብ ስር የሚሠራ ጠላቂ ቆሞ እንግዳ መሸኘት ቢያቅተው ምን ሆኖ ነው አልኩት። ብዙ ጠየቀኝ፤ የማውቀው ትንሽ ነበር። ጠላቂ ከጥልቅ ውሃ ቶሎ ሲወጣ አየሩ ደሙ ውስጥ ይፈላል፣ ጅማትን ይይዛል፣ እግር ይከዳል አለኝ። ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም፤ ታይቶ፣ ታክሞ፣ በየቀኑ ልምምድ እየሠራ ብዙ የሚሻለው አለ አለ። ይህንን ሲል ደስ አለኝ። ከዚያ አንተ በስልክ የምትለኝን፣ አንድ ጊዜ ሐይቅ ብገባ ሰውነቴን የያዘኝ ሁሉ ይለቀኛል የምትለውን፣ ዘመዴ እንዲህ ይላል ብዬ ነገርኩት። መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። ውሃው ውስጥ ሕመሙ የቀለለ ይመስለዋል፣ ሲወጣ ግን ይብስበታል፤ ያውም ብቻውን፣ ያውም በደጋ ሐይቅ፣ በሕይወት አይወጣም አለኝ። ቀጥሎም ዘመዴ አየር የሚሞላበት ማሽን እንዳለው ጠየቀኝ።

"የገዛሁለት እኔ ነኝ" አልኩት።

ከደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት "ልጄ፣ ምጥ ያለበት ቤት ነው የምትሄጂው?" አሉኝ። ቤት ስገባ መዶሻ ነው ያነሳሁት። ጓሮ ገብቼ ሸራውን ገፈፍኩት። ልመታው አልቻልኩም። በእጄ ያጠብኩት፣ በእጄ ዘይት የቀየርኩለት ብረት ነው። ደግሞም ብሰብረው ሌላ እንደምትገዛ አውቃለሁ፤ አንተን ደግሞ ያን ጊዜ የት ብዬ አገኝሃለሁ?

ስለዚህ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኮምፕሬሰሩ የምታስተላልፈዋን ቺንጋ ፈታሁ። ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ማሽኑ ሙሉ ነው፣ አዲሱ ማጣሪያም ከነማሸጊያው አለ፤ ያለ እሷ ግን አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ቺንጋዋ እኔ ጋ ናት። ለምን ብለህ በስልክ አትጠይቀኝ፣ አልመልስም። ቤትህ መጥተህ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ጠይቀኝ።

ሌላም ወሬ አለ። በራፋችን ላይ ያሉትን ደረጃዎች አብዱልባሲጥ በሲሚንቶ ሞልቶ ተዳፋት አድርጓቸዋል። ለጎረቤት ለኮምፕሬሰሩ ጋሪ ነው ብያለሁ። መኝታችንንም ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣሁት፤ ብርሃን ስለሚገባው ነው። ደሴ ያለው ሐኪም ደግሞ ዘመድሽ ሲመጣ አምጪው ብሎኛል፤ የሚገኝበትን ቀን ጠይቄ ይዣለሁ። ሰልዋ ምንም አታውቅም። አባቴ ሲመጣ ሐይቅ ይወስደኛል ትላለች። ውሰዳት። ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዓሣዎቹ ትነግራታለህ። ያየኸውን ለመናገር መግባት የለብህም። እኔ ውሃ ውስጥ የሚገባ ወንድ አላገባሁም፤ አንተ ስታገባኝ ባሕር አይተህም አታውቅም ነበር።

አብሽር፣ አይዞህ፤ ማንም አይስቅብህም። የሚስቅ ካለ እኔ አለሁለት።

ውዱ ሰኞ ጭነት ይዞ ይወርዳል። ይህን ደብዳቤ የምሰጠው ለሱ ነው። ሲመለስ ባዶውን እንዳይመጣ ተነጋግረናል፤ ከወንበሩ ኋላ ያለውን አልጋ አንጥፎ እግርህን ዘርግተህ እንድትመጣ ያደርጋል። የመኪናው መወጣጫ ከፍ ይላል። ሲደግፍህ እንቢ አትበለው።

አላህ ጉዞህን ቀላል ያድርግልህ፣ ካሰብከው ክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ሚስትህ ሸሪፋ