ሲጠብቅና ሲላላ

ይድረስ ለእትዬ፤

ጤናሽን እንዴት ይዞሻል? የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባልሽስ ደኅና ነው? አሁንም የሰው ቤት ሲያበራ እየዋለ የራሱን ቤት አምፖል ለነገ ያሳድራል? ትንሿ ልጅሽስ ፊደል ቆጠረች? እኛ ከእማዬ ጉልበትና ከእኔ ምላስ በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ጉልበቷን ሐኪም አይቶታል። ለምላሴ ግን እስካሁን መድኃኒት አልተገኘም፤ ይህ ደብዳቤም የሚያወራው ስለሱ ነው። ዝይዋ እሜቴም ደኅና ናቸው። አንድ ዓይናቸው ቢጠፋም በቀረው ዓይናቸው የሁለቱን ሥራ እየሠሩ ይገላምጡናል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን ቢቀደድ እንኳ ከተነበበ በኋላ ነው።

የምታውቂውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ የምጀምረው ክስ ሲነበብ ወጉ እንዲያ ስለሆነ ነው። ለልጅሽም ታነቢላት ይሆናል፤ ከምን ዓይነት ቤተሰብ እንደተወለደች በጊዜ ብታውቀው ይሻላታል።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በበዓሉ ዋዜማ እማዬ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። ለአባዬ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ወረቀት ትታላቸው ነበር፦ «በበዓሉ ጠዋት ዝይዋ ትበላለች።» ጤነኛ ሰው ይህን ጠበቅ አድርጎ ያነበዋል። ዝይዋ ታርዳ፣ ተጠብሳ፣ ድንች በዙሪያዋ ተደርድሮ ትቀርባለች ማለት ነው። አባዬ ግን ጤነኛ ሰው ሳይሆኑ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቡና ቃሉ ላልቶ እንዲነበብ ፈረዱ፤ ዝይዋ ራሷ ትበላለች። እናም በበዓሉ ጠዋት ለዝይዋ ወንበር ተሳበላት፣ ሳህን ተቀመጠላት፣ የተቀቀለ ድንችና ወተት የጠጣ ዳቦ ቀረበላት። እማዬ እኩለ ቀን ላይ እንግዶች አስከትላ ስትመጣ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ዝይዋ ደግሞ ጠግባ አንቀላፍታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዝይ ቁርስ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?» አለች እማዬ።

አባዬም፣ «እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው፤ እንዲጠብቅ ከፈለግሽ ምልክት አታደርጊም ነበር?» አሏት።

ያን ዕለት ድንችና እንቁላል ተበላ፤ እንግዶቹም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቤት በዓል ምን እንደሚመስል አንቺው ታውቂዋለሽ። ዝይዋ እሜቴ ተብለው ተሾሙ፤ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ እኛ። አባዬ ብድግ ብለው ቢጫዋን ወረቀት እንደ አዋጅ ያነባሉ። እማዬ «ጠብቆ ነው!» ብላ ትቃወማለች። አባዬ ቀይ እስክሪብቷቸውን መዘዝ አድርገው «ስህተት!» ይላሉ። አንቺ የእሜቴን አንገት በሪባን አስረሽ «ትብላ!» ብለሽ ትጮኺያለሽ፤ ያኔ ሁላችንም ድንቹ ላይ እንዘምታለን። መጨረሻ ላይ የእማዬ የማር ኬክ ይመጣል። በየዓመቱ መሃሉ ይሰምጣል፤ በየዓመቱ ጉድጓዱን በክሬም ትሞላና «እንዲህ ነው የሚሠራው» ትለናለች፤ እኛም በየዓመቱ ያመንን መስለን ለጉድጓዱ እንሻማለን።

አሁን ወደ ክሱ ልግባ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዋዜማው፣ ኩሽና ስትገቢ ባዶ ድስት በበራ ምድጃ ላይ ሲከስል አገኘሽ። ማንንም አልተቆጣሽም። እኔና እማዬ እንድንጠነቀቅ ብለሽ ወረቀት ቀደድሽና የዕቃ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጠፍሽ፦ «ምድጃው ይታይ፤ አባዬ ይረሳሉ።»

አንቺ እንደወጣሽ አባዬ ገቡ። መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ነበር፤ ኋላ ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ተገኘ። «ምን ይላል ይሄ?» አሉኝ። መቼም ወንድምሽ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን ፀጉር አስተካካይ ነው። የዝይዋ ቀልድ ትዝ አለኝ። ስለ ምድጃው የሚለውን ዘለልኩት፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ረ-ን እንደ ደንበኛ ጆሮ ይዤ አጠበቅኩት፦ «አባዬ ይርረሳሉ!»

ቀይ እስክሪብቶ ይወጣል፣ «ስህተት!» ይባላል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልወጣም። የያዙትን ማንኪያ አስቀምጠው ሄዱ። ለካ በዚያው ሳምንት ማተሚያ ቤቱ ለበዓሉ ባወጣው ካርድ ላይ የጡረተኞቹ ስም በሙሉ ሲዘረዘር የእሳቸው ብቻ ተዘሏል። ሠላሳ አራት ዓመት የሌላ ሰው ስም እንዳይዘለል ሲጠብቁ ለኖሩት ሰውዬ! እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እሳቸው እንደወጡ ደንግጬ ወረቀትሽን ገንጥዬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የጣልኩትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ገበታው ላይ ቢጫዋ ወረቀት አልተነበበችም። አንቺ «አባዬ፣ ምን ሆነዋል?» ብትያቸው «የጻፍሽው ደርሶኛል» አሉሽ። አንቺም ስለ ምድጃው መስሎሽ «ታዲያ እውነት አይደለም? ነገም እጽፈዋለሁ» አልሽ። አየሽ? አንቺ ያልሽው አባቴ ምድጃ ይረሳሉ ነው። እሳቸው የሰሙት ልጄ ትረሳኛለች ነው። አንድ ቃል ይዛችሁ ሁለት ጠብ ተጣላችሁ። ኬኩ ሳይቆረስ ልጅሽን አቅፈሽ ወጣሽ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩም እኔ አፍ ውስጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ አፌ ያን ጊዜ ድንች ጎረሰ።

ሦስት በዓል እንዲህ አለፈ። እሜቴ ሪባን የሚያስርላቸው አጡ፤ እኔ ልሞክር ብዬ ለደንበኛ የማላሳየው ቦታ ላይ ነከሱኝ። «ትብላ!» የሚል ጠፋ። ኬኩ አምና አልሰመጠም፤ እማዬም ደህና ኬክ ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ባለፈው ማክሰኞ ግን እማዬ ለበዓሉ ቤት ስታጸዳ ቁም ሣጥኑን አስጎተተችኝና ወረቀትሽ ከነአቧራው ወደቀ። አባዬ አነሱት። በዚህኛው ጊዜ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር። እኔ ዘልዬው የነበረውን ግማሽ ጨምረው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«'ምድጃው ይታይ' ካለ በኋላ ይሄ ቃል በምን ሒሳብ ነው የሚጠብቀው? ላልቶ ነው የሚነበበው! ማነው አጥብቆ ያነበበልኝ?» አሉ።

እማዬ ወደኔ ዞረች። እሜቴ ሳይቀሩ በዚያች በቀረች ዓይናቸው ወደኔ ዞሩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። አባዬ ጋዜጣ ጠቅልለው ማጅራቴን ሁለቴ አቀመሱኝ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎረምሳ፣ የራሴ ሱቅ ያለኝ ሰውዬ! ከዚያ ወንበር ላይ ዘጭ ብለው መነጽራቸው በእንባ እስኪጋረድ ሳቁ። ሦስት ዓመት የጠበቁት አባትሽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ላሉ። ሳቁ ሲበርድላቸውም ወረቀትሽን በመዳፋቸው እያለሰለሱ፣ «እረሳለሁ እኮ። እውነቷን ነው፤ እረሳለሁ» አሉ። ላልቶ።

እትዬ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ የእሳቸውም አይደለም። የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ከቀልዱ ይብሳል። ይቅር በዪኝ። ይቅር ማለት ቢያቅትሽ እንኳ መጥተሽ በጋዜጣ ምቺኝ፤ ማጅራቴ ለምዷል።

በዓሉ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሪባኑ ተተኩሶ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የልጅሽ ወንበር በአያቷና በእሜቴ መካከል ሆኗል፤ ጣቶቿን ትጠብቅ። ባልሽ መሰላል ይዞ ይምጣ፤ የሳሎኑ አምፖል እሱን እየጠበቀ ነው። እማዬ ዘንድሮ ኬኩ እንዲሰምጥ የምትችለውን ሁሉ እያደረገች ነው።

አባዬ ይህን ደብዳቤ ሳይታሸግ ካላየሁ ብለው አሥራ አንድ ስህተት አረሙልኝ። ቀዩ ደም አይደለምና አትደንግጪ። ሲጨርሱም «እኔም አንድ ቃል ልጨምር፤ የማይጠብቅ፣ የማይላላ፣ አንተ ባለጌ አጣመህ ልታነበው የማትችለው» አሉና ከግርጌው ጽፈው መለሱልኝ። ሻይ ጠጣን። ብርጭቆው ሳይነሳ «ስማ፣ ለልጄ የምጽፈው አንድ ቃል ነበረኝ፤ እስቲ ወረቀቱን አምጣ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ምላሴን ያዝኩ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ከእንደኔ ዓይነት አንባቢም ይሰውርሽ።

ጥፋተኛው ታናሽ ወንድምሽ

ነይ።

ነይ።