የተወለድኩበትን ሰዓት አልነግርህም

አሶሳ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰራዊት፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ነብዩ ነው። ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ ህንድ፣ ፑኔ ወዳለው ትምህርታችሁ ሊመለስ ስለሆነ ሻንጣው ውስጥ አስገብቼበታለሁ። በቴሌግራም ለምን አልጻፍሽልኝም ትለኝ ይሆናል። በቴሌግራም የምጽፈውን ተናድጄ እጽፍና አዝኜ አጠፋዋለሁ፤ ወረቀት ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ ወጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላክህልኝን የድምፅ መልእክት አራት ጊዜ አዳመጥኩት። «ስርጉትዬ፣ ምናልባት የሰጠሽኝ ሰዓት ተሳስቶ ይሆናል። እማማ ትሩፋትን አጥብቀሽ ጠይቂያቸው። ሰዓቱ ከተስተካከለ የእኛም ነገር ሊስተካከል ይችላል» ነው ያልከኝ። እሺ፣ እናቴን ጠይቄያለሁ። ቀኑንም ሰዓቱንም አግኝቻለሁ። ግን አልነግርህም። ለምን እንደማልነግርህ ነው የምጽፍልህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለፓስፖርት የልደት የምስክር ወረቀት ልታወጣ መስኮቴ ላይ ስትቆም፣ እናትህ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡትን የሆስፒታል ካርድ ይዘህ ነበር። «ጥር 2 ቀን 1984፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ» አልክ። ወሳኝ ኩነት ቢሮ ስሠራ ሰዓቱን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ያኔ ነው ያየሁት። ከዚያ ወረቀቱን ትተህ እኔን መጠየቅ ጀመርክ፤ «አንቺስ መቼ ነው የተወለድሽው?» መስከረም 1 ቀን 1988 ስልህ «ሰንቡላ! እኔ ጀዲ ነኝ፣ ሁለታችንም መሬት ነን፣ እንስማማለን» ብለህ ጮኽክ። ከኋላህ የተሰለፉት የባምባሲው አቶ ኢተፋ «መሬት ከሆናችሁ አትጠፉም፣ ቦታችሁ ላይ ትገኛላችሁ። አሁን ወረፋውን ልቀቅልን» ሲሉህ ቢሮው በሳቅ ሞላ። አልዋሽህም፣ ያን ቀን ወደድኩህ። በየቅዳሜው ኮከባችን ምን ይላል እያልክ ከስልክህ ስታነብልኝም ደስ ይለኝ ነበር። ሰንቡላ በዚህ ሳምንት ለሆዷ ትጠንቀቅ ሲል የበቆሎ እሸት ከልክለኸኝ አታውቅም? እኔ አልረሳሁትም።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። መስከረም አንድ እውነተኛ ልደቴ አይደለም። ሥራዬን ታውቃለህ፤ ሰው መጥቶ መቼ እንደተወለደ አላውቅም ይለኛል። «ከማንጎ በፊት ነው ከማንጎ በኋላ? ማሽላው አብቦ ነበር?» እያልን ወሩን እንፈልጋለን። ጭራሽ ካልተገኘ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በመስከረም አንድ ይያዛል። መዝገቤን ብትገልጠው ግማሽ አሶሳ የተወለደው በዕንቁጣጣሽ ነው። ሥራ ስቀጠር የራሴንም እንደዚያው አስመዘገብኩ። እናቴ በምጥ ላይ ሆና የቀን መቁጠሪያ አልነበራትም፤ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኳትም። ፑኔ ሄደህ ሰዓቱን ስትጨቀጭቀኝ ደግሞ «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት» ያልኩህ ከራሴ ፈጥሬ ነው። ፀሐይ ስትወጣ የተወለደች ልጅ ደስ ትላለች ብዬ ነው። በዚህ ይቅርታ አድርግልኝ። ከዚህ በታች ላለው ግን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ አይደለሁም።

ፑኔ ከገባህ በኋላ ያከራዩህ አቶ ጆሺ የህንዱን ኮከብ ቆጠራ አስተማሩህ። ሰውዬውን አልቀየምም፤ የአገራቸውን ወግ ነው ያካፈሉህ። አንተ በስልክ ስታስረዳኝ አልገባ ሲለኝ እኔም ብቻዬን አጠናሁት። ፈረንጆቹ ሐመል የሚጀምረው በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ነው ብለው ከዚያ ይቆጥራሉ። ህንዶቹ ደግሞ ሰማይ ላይ ያሉትን ኮከቦች ራሳቸውን ይዘው ይነሳሉ። ድሮ ሁለቱ አንድ ቦታ ነበሩ አሉ። ምድር ግን ሊቆም እንደደረሰ እንዝርት ቀስ እያለች ስለምትዋልል፣ ዛሬ ሃያ አራት ዲግሪ ያህል ተራርቀዋል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ሰው አንድ ቤት ወደ ኋላ ይሸሻል። አንተ ጀዲው ቀውስ፣ ቀስተኛው ሆንክ፣ እኔ ሰንቡላዋ አሰድ። እኔ ብቻ መሰልኩህ? መዝገቤ ላይ ያለው የመስከረም አንድ ሕዝብ በሙሉ በፈረንጁ የእህል ዛላ፣ በህንዱ አንበሳ ነው። ለጋዲሴ ስነግራት፣ ያቺ አብራኝ የምትሠራው፣ «እኔም መስከረም አንድ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በአክብሮት አናግሪኝ» ብላ ቀኑን ሙሉ ስታገሳ ዋለች።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ችግሩ የመጣው ከጨረቃ ነው። ፈረንጆቹ ስለ ሰው ሲጠየቁ ፀሐይን ያያሉ፤ ህንዶቹ ለትዳር የሚጠይቁት ጨረቃን ነው። የሁለታችንን ጨረቃ አስተያይተህ፣ ከሠላሳ ስድስት ነጥብ ሃያ አንድ አመጣን ብለህ ደወልክልኝ። ማለፊያው አሥራ ስምንት ነው ብለህ እንደ ማትሪክ ተማሪ ስትፈነጥዝ ሰማሁህ። በሳምንቱ ድምፅህ ተለወጠ። ማርስ ከጨረቃዬ ሰባተኛው ቤት፣ ማለትም የትዳር ቤት ላይ ተቀምጧል አልከኝ። እንዲህ ያለች ሴት ባሏን ትጎዳለች። መድኃኒቱ ደግሞ አስቀድማ ከሙዝ ዛፍ ጋር ጋብቻ መፈጸም ነው፤ ክፉው በዛፉ ላይ ያልፋል።

ሰራዊት፣ አባቴ ጓሮ አራት የማንጎ ዛፍ አለ። ከአንዱ ጋር ብጋባ ቢያንስ በየዓመቱ ያፈራልኛል፤ ሽማግሌ ልኮም ቃሉን አያጥፍም።

ባሏን ትጎዳለች የሚለውን ቃል ፍለጋ እስከ ህንድ መሄድ አልነበረብህም። እኛ አገር ስም አለው፤ ገፊ ይባላል። አንተ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። አባትህ ሲሞቱ እናትህ እትዬ ማንጠግቦሽ ገና ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር «ኮከቧ ገፊ ነው» ብለው እንዳሟቸው፣ ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቃቸው ሰው በዚያው ሰበብ እንደሸሸ፣ ባምባሲ ስንሄድ መኪና ውስጥ አልቅሰህ ነው የነገርከኝ። ፍርሃትህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እናትህን ያስለቀሰውን ቃል አጥበህ፣ በሌላ ቋንቋ ጠቅልለህ ለእኔ መላክህ ግን አንጀቴን ቆረጠው።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ጥቅምት ላይ መጥተው አባቴ እሺ ካላቸው በኋላ ለጥር የተቆረጠውን ሠርግ ያስቆሙት በኅዳር ነው። አንተ አልነበርክም፤ እኔ ግን ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። አባቴ ለዳሱ ቀርከሃ ቆርጦ ጨርሶ ነበር። ጎረቤታችን ሼህ ባቢከር በሦስት አህያ አጓጉዘውለት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገታቸውን ደፍተው «አቶ ደባልቄ፣ ለጊዜው ይቆይ ተብሏል» አሉ።

«ልጄ ምን ተገኘባት?» አለ አባቴ።

«ኧረ እሷ ላይ ምንም የለም። ኮከቧ ነው አሉ እንጂ።»

አባቴ ሳቀ። ሲናደድ እንደሚስቅ ታውቃለህ። «አብሽሩ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ» አላቸው። «በሰባ ሰባት ከወሎ ስንመጣ አንድ አውቶብስ ነበርን፣ ሃምሳ ስምንት ነፍስ። ካድሬው መቼ ተወለዳችሁ ሲል የሚያውቅ ጠፋ። የአብዮት በዓል ነው ብሎ ሁላችንንም መስከረም ሁለት ብሎ ጻፈን። በዓመቱ ወባ ግማሻችንን ጨረሰ። ከተረፍነው አንዱ የወፍጮ ቤት ጌታ ሆነ፣ አንዱ አበደ፣ እኔ ማሽላዬን እዘራለሁ። በሉ የመስከረም ሁለቱን ኮከብ ንገሩኝ!»

አንተ ብትኖር ያ የተጻፈ ቀን እንጂ የተወለዱበት አይደለም ትለው ነበር። እኔም ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አልኩት። «እሱስ ልክ ነሽ» አለኝ፣ «ቀኑ ውሸት ነው። የኖርነው ግን እውነት ነው።» ከዚያ ወዲህ ስለ ሠርጉ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ቀርከሃውን ግን እስካሁን ከቦታው አላነሳውም። በየጠዋቱ አልፎት ሲሄድ አያለሁ፤ እፍረቱ የእኔ ሳይሆን የአንተ መሆኑን ባውቅም እኔ ነኝ የማፍረው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ መልእክትህ ሲመጣ ሄጄ ጠየቅኩ። ሞኝ ነኝ በል። እናቴ «ምጥ የያዘው ሰው ሰዓት ያያል እንዴ? ባቢከርን ጠይቂ፣ አዋላጇን በአህያው ያመጣት እሱ ነው» አለችኝ። ሼህ ባቢከር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አባቴ እዚህ አገር ሲሰፍር የመጀመሪያውን ዘር የሰጡት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ የገባበትን፣ የተወለደውንና የሞተውን ሁሉ በዓረብኛ የሚጽፉበት፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ደብተር አላቸው። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ አገኙልኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይኸው፣ አንቺ ነው» አሉኝ። «አዋላጅ አመጣሁ፣ አህያ ደከመ። እናትሽ ቤት ውስጥ በጣም ጮኸ። አዛን ሲል እኔ ውጭ ለሰላት ቆምኩ። ሰግዶ ጨረስኩ፣ አንቺ አለቀሰ። ወላሂ፣ አልረሳም።»

የቱ አዛን እንደሆነ ነገሩኝ። በቀን አምስት አለ፤ እሱን ለአንተ አልጽፍም። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራቸው ደብተሩን ዘጉና «ኮከብ ለዘር ነው» አሉኝ። «ሱረያ በንጋት ሲወጣ ማሽላ እንዘራለን። ለኒካህ ሰው ነው የሚያይ።» ሱረያ የሚሏቸው እነዚያን ተሰብስበው የሚታዩ ኮከቦች ነው። እሳቸው ሰማዩን ከአንተም ከእኔም የተሻለ ያውቁታል፤ የማይሠራውን ሥራ ግን አይሰጡትም።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንተ የላክህልኝን የህንዱን መተግበሪያ ከፈትኩት። ስሜን፣ አሶሳን፣ እውነተኛውን ቀን፣ እውነተኛውን ሰዓት ሞላሁ። «አስላ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ባይስማማ ትቀራለህ፤ እሱስ የለመድኩት ነው። የፈራሁት ቢስማማ ነው። ቢስማማ በማግስቱ አውሮፕላን ትሳፈር ነበር፤ አባቴ እግር ላይ ወድቀህ ማርስ ተነስቷል ትለው ነበር። እኔም ሆዴ ስለሚሳሳልህ እሺ እል ነበር። ከዚያ ልጃችን ባተኮሰው ቁጥር፣ አንተ ራስህን ባመመህ ቁጥር፣ ሼህ ባቢከር የጻፉትን ሰዓት ትጠራጠራለህ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ምስክር ስቆጥር እኖራለሁ። አልኖርም። ሳላሰላው ዘጋሁት፣ መተግበሪያውንም አጠፋሁት።

ሳልናገር የማላልፈው ሌላ ነገር፦ እትዬ ማንጠግቦሽ ሰኞ ዕለት ደውለውልኝ ነበር። ስለ ማርስ የነገራቸው ነብዩ ነው። «ልጄ፣ እኔ ያኔ መልስ አልሰጠኋቸውም። አንቺ ስጪ» አሉኝ። ይህ ደብዳቤ የእሳቸውም መልስ ነው።

እንግዲህ የመጨረሻውን ስማ። እናቴና ሼህ ባቢከር ምስክር ሆነው የልደት መዝገቤ በሕጉ መሠረት ተስተካክሏል። የመዘገበችኝ ጋዲሴ ናት። አዲሱ የምስክር ወረቀቴ ቢሯችን ባለው የብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። ሰዓቱን የያዘው ደብተር ሼህ ባቢከር ሣጥን ውስጥ ነው፤ እኔ ካልፈቀድኩ ለማንም እንደማያሳዩ ቃል ገብተውልኛል። ለእናቴ አትደውል፤ እሷንም አስምያታለሁ።

ማወቅ ከፈለግህ መንገዱ አንድ ነው። ሰኔ ላይ ለዕረፍት ስትመጣ መጀመሪያ አባቴ ጋ ትሄዳለህ። ሽማግሌ አትልክ፤ ራስህ ሂድ፣ በዚያ ቀርከሃ አጠገብ ቆመህ ይቅርታ ጠይቀው። ማርስ እያልክ እንዳታስረዳው። ከዚያ ገፊ ልሁን፣ አንበሳ ልሁን፣ የእህል ዛላ ልሁን ሳታውቅ እኔ መስኮት ላይ ትመጣለህ፤ ያኔ ወረፋ እንደያዝክበት። ጋዲሴ የጋብቻ መዝገቡን ትዘረጋለች። የሙሽራዋ የትውልድ ቀን የሚለውን መስመር በእጇ ትሸፍነዋለች። ትፈርማለህ። እጇን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

እስከ መስከረም አንድ፣ እስከ ውሸቷ ልደቴ ድረስ እጠብቅሃለሁ። ከመስከረም ሁለት ጀምሮ ቀርከሃው ለዶሮ ቤት ይሆናል፤ የምቆርጠውም እኔ ነኝ።

የማትለምንህ፣

ስርጉት ደባልቄ
የትውልድ ቀንና ሰዓት፦ ከፊርማ በኋላ