የጭስ መሳቢያው ሽቦ

ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት። ማራገቢያውን ዘይት አጠጣሁ። የጭስ መሳቢያውን አምፖሎች አየሁ። አራቱም ይበራሉ። ስብ የሚይዘውን የብረት ወንፊት ሳወልቀውም ይበራሉ። መጥፋት ነበረባቸው።

ደብተሬ፣ ከአንተ እንኳ ሸሽጌ የኖርኩትን ልጻፈው። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እነዚህ እንደ ቤት አምፖል አይደሉም። አልትራቫዮሌት ይሏቸዋል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣውን ስብ ያቃጥላሉ። ብርሃናቸው ዓይን ይጎዳል፣ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ የገጠማቸው ፈረንጅ ከወንፊቱ ጀርባ ስዊች አስቀመጠ፦ ወንፊቱ ሲነሳ መብራቱ ይጠፋል። በአስተርጓሚ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆኝ ሄደ። ኋላ ስቡ ስዊቹን እያጣበቀው መብራቱ በየቀኑ እምቢ ይል ጀመር። ሚያዝያ ላይ፣ ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ፣ ሥ/አስኪያጁ በሠራተኛው ፊት ጮኸብኝ። የስዊቹን ሁለት ሽቦ አገናኝቼ ዳይሬክት አደረግኩት፤ ወንፊቱ ቢነሳም ይበራል። ለአንድ ቀን ብዬ። ይኸው ስድስት ወር።

ዛሬ አቦ ነው። ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እግሬ አልገባም አለኝ።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

የወንፊት ማጠቢያ ቀን። ቀድሜ ደርሼ ፊውዙን ነቀልኩ። ወጥ ሠሪዋ ወ/ሮ ጫልቱ ወንፊቱን አውርዳ ታጥባለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስዊቹ እኔ ሆኛለሁ። ሰው ግን ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይረሳል።

ከሰኔ በፊት አልጠብቅም ነበር። ማራገቢያው ካልሠራ አምፖሉ አይበራም፣ እሷም አጥፍታ ነው የምታጥበው ብዬ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ጭሱ በዝቶባት ማራገቢያውን ሳታጠፋ ወንፊቱን አወረደች። ከሥሩ ቆማ ስትፈገፍግ ቆየች። ማታ ዓይኗ አሸዋ የተሞላ ያህል፤ ፊቷ ፍም። ሁሉም ምች ነው አለ። እኔም ምች ነው አልኩ። እያወቅኩ! ከጓሮዬ ዳማከሴ ቆርጬ ወሰድኩላት። ሦስት ቀን በጨለማ ቤት ተቀመጠች። ዳነች፣ ተመስገን። ዓይኗን ለመለሰልኝ አምላክ ምን እከፍለዋለሁ?

ከዚያ ወዲህ እኔን፣ “ጋሽ ወርቁ ናቸው ያዳኑኝ” ትላለች። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ጀምሮ ምሳ የምታስቀርልኝም እሷ ናት። ዛሬም ምስር ወጥ፣ ከስንግ ቃሪያ ጋር። ምግቡ ወረደ። ምስጋናዋ አልወርድ አለኝ።

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ልጄ ከአቦምሳ ላከችብኝ። በሰላም ተገላግላለች። ሴት! አስካለ ኖራ ባየች። እግ/ር ይመስገን፣ ይመስገን። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማይገባው ሰው ይህን ያህል።

ደስታው ድፍረት ሰጠኝ፤ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም። ሽቦው አሁን የት ነው ብለው ጠየቁኝ። እዚያው ነው አልኩ። “የሰረቁትን በብብት ይዞ ንስሐ ምንድን ነው፣ ልጄ?” አሉኝ። ስወጣ ቀለለኝ። መንገድ ላይ መልሶ ከበደኝ።

ጥቅምት 15

ሥ/አስኪያጁ አስጠራኝ። አዳሚ ቱሉ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ ሐሙስ ትሄዳለህ፤ ሁለት ሳምንት። እሺ ጓድ አልኩ። ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። ቅዳሜ የለሁም። ፊውዙን ማን ይነቅላል?

ሽቦውን ቆርጬ ዝም ብልስ? ስዊቹን አየሁት፣ ውስጡ ተቃጥሏል፤ አዲስ ካልመጣ አምፖሎቹ አይበሩም። ሥ/አስኪያጁ በሚተካኝ ሰው ላይ ይጮህበታል። እሱም እንደኔ ያገናኘዋል። ምክንያቱ በጽሑፍ ካልታወቀ ሽቦው ተመልሶ ይገባል። ቢታወቅስ? በውይይት ክበብ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ስንት ተነግሮናል። የሞተር ቀበቶ ሆን ብሎ በጠሰ የተባለው ሰው ከዚያ ወዲህ አልታየም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀረው። ፈራሁ፣ ደብተሬ። ፍርሃቴን አልሸሽግህም።

ጥቅምት 17፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል

ለጫልቱ ነገርኳት። ምሳ ሳታቀርብልኝ። በልቼ ብነግራት ነውር ነው ብዬ።

ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። “ያ ዋቃ! አምላኬ! ለካ ምቹ እርስዎ ነዎት!” አለች። ልትስቅ ነው ስል ዕንባዋ መጣ። ብትታወር ልጆቿ በበትር ሲመሯት ይታያት ጀመር። የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም። ልክ ናት። ከዚያ ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ “ያን መራራ ቅጠል ሲያጠጡኝ እንኳ ተይው አይሉም ነበር፣ ጋሼ?” አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ቶሎ አቆመች።

ሳህኑን አቀረበችልኝ። እንደ ወትሮው አጠገቤ ግን አልተቀመጠችም። ይገባኛል። ሳህኑም ቸርነት ነው። ተመስገን።

ጥቅምት 18፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ሽቦውን ቆረጥኩ። አምፖሎቹ ጠፍተዋል።

ለሥ/አስኪያጁ የሚገባውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በመጀመሪያው “ሽቦ ተገናኝቶ ተገኘ” ይላል። ቀደድኩት። በሁለተኛው “በሥራ ብዛት ምክንያት”። ቀደድኩት። በሦስተኛው፦ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ወ/ሮ ጫልቱ የታመመችው በዚህ ነው፤ አዲስ ስዊች ሳይመጣ ማንም አያብራው። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በስመ አብ ብዬ ተነሳሁ።

መዝገብ ቤት። ጸሐፊዋ ቆማ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና አነበበችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እርስዎ እስኪመለሱ ይቆይ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ላስቀምጠው አለችኝ። ለኔ አስባ ነው፤ እግ/ር ይስጣት። የአዳሚ ቱሉው መኪና ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። 

“አይቆይ። ማኅተም ምቺበት፣ ልጄ” አልኳት።

መታችበት።