የሄርሜላ ፍልሰታ በቦንጋ

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አብርሆት፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ክረምቱ አልጠናበትም? ጾሙንስ በደህና ፈታሽ? እኛ ከዝናቡና ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የሚያነብልሽ ወንድሜ ነቢዩም እንደምን ከርሟል? ነቢዩ፣ ያልጣመህን እየዘለልክ እንዳታነብላት፤ አውቅሃለሁ።

«በመስከረም ነቢዩን እልከዋለሁ፣ ሄርሜላን ይዟት ይምጣ» ያልሽው ደርሶኛል። አባቷ ካረፈ ወዲህ ብቻችንን ነን፤ የጤና ጣቢያው ተረኛነት ደግሞ እሑድም በዓልም አያውቅም። «ዘመድ በሌለበት አገር ልጄን ማን ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል? ሃይማኖቷንስ ማን ያስተምራታል?» ብለሽ መጨነቅሽ አይፈረድብሽም። አንብቤው አለቀስኩ። እውነትሽን ነው ብዬም ልብሷን ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ግን እስቲ በፍልሰታ የሆነውን ልንገርሽ።

ሰባት ዓመት ሞልቷታልና «ዘንድሮ እጾማለሁ፣ እቆርባለሁም» አለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ጎረቤታችን እማማ የሺሃረግ «እኔ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ። የዚሁ የከፋ አገር ሰው ናቸው፣ ደግ አሮጊት፤ ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶታል። ማን ማንን ይዞ እንደሚሄድ አልገባኝም፤ ብቻ እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ የደብሩ ሴቶች «የነርሷን ልጅ ጾሟን ማን ያስፈታታል?» ብለው፣ አንዷ ከሌላዋ ሳትመክር፣ ሦስት ቤት ምሳ ሠርተውላት ኖሯል። እማማ የሺሃረግ ቆጮ በጎመን፣ እትዬ ውባየሁ ሽሮ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ሙሉብርሃን ደግሞ ጎደሬ ቀቅላ። ልጅሽ ሦስቱንም ጥርግ አድርጋ በላች። ማታ ሆዷን ይዛ ስታቃስት «ለምን ጠግቤያለሁ አላልሽም?» ብላት «ቆርቤ ሰው አላስቀይምም» አለችኝ።

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። ከዚያም ተነጋግረው ተራ ገቡላት። ተረኛ ሆኜ ሳድር ነጠላዋ ታጥቦ ይጠብቃታል፤ ማን እንደሚያጥበው እስካሁን አላወቅሁም። ሙሉብርሃን መዝሙር አስጠናቻት። «አባታችን ሆይ»ን እማማ የሺሃረግ ስላስተማሯት በከፋ ሰው ቅላፄ ነው የምትለው፤ ብትሰሚያት መጀመሪያ ትስቂያለሽ፣ ቀጥሎ እንደኔ ታለቅሻለሽ።

በፍቺው ዋዜማ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ሄርሜላንና እማማ የሺሃረግን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጭቃ ነው» እያለች ትመራለች። እሳቸው ደግሞ ጸሎቱን በየእርምጃው ይነግሯታል፣ እሷ ትከተላለች። አላዩኝም። እኔም ሳልጠራቸው በዝናቡ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። ከአባቷ ቀብር ወዲህ ልቤ እንዲህ ያረፈበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የዚያን ዕለት ማታ «አያትሽ ዘንድ ልትሄጂ ነው» ብዬ ነገርኳት። «ጉልበቷን ያማታል ስትዪ አልነበር? እሷን ማን ይዟት ይሄዳል ቤተ ክርስቲያን?» አለችኝ። በምርኩዝ ነው የምትሄደው አልኳት። «እንግዲያው እሷ ትምጣ። እማማ የሺሃረግን በቀኝ እጄ ነው የምይዛቸው፤ ግራ እጄ ባዶ ነው» አለች።

ስለዚህ እማዬ፣ ነቢዩ በመስከረም ይምጣ፤ ግን ልጄን ሊወስድ ሳይሆን አንቺን ይዞ ይምጣ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጅማ አድራችሁ ትመጣላችሁ። ካልተመቸሽ መልሶ ይወስድሻል። ሄርሜላን ግን ከእነዚህ ሰዎች ለመነጠል አንጀቴ አልቻለም፤ አትቀየሚኝ።

የነቢዩን ሚስት በዛወርቅን እንደ እህቴ ሳሚልኝ፤ ልጃቸውን ኢያሱንም ጉንጩን። ንስሐ አባታችንን እጅ ንሺልኝ። እማማ የሺሃረግም «ያላየኋትን እህቴን ሰላም በይልኝ» ብለዋል። ሄርሜላ አጠገቤ ቆማ፣ ግራ እጇን እስክትመጪ ለማንም እንደማትሰጥ ጻፊልኝ እያለችኝ ነው።

ልጅሽ ብርቅዬ
ቦንጋ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.